የይመኙሻል አረቄ

አንድ ብርዳም የደጋ መንደር ውስጥ ይመኙሻል የምትባል አረቄ አውጪ ነበረች። በዚያ ዘመን በአካባቢው ከእሷ ሌላ አረቄ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። የእሷ አረቄ ምላስ ላይ ሲያርፍ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቀዝ ይላል፤ ደረት ላይ ሲደርስ ሙቀቱን ይለቃል። ጉሮሮ አይቧጥጥም፤ በማግስቱም ራስ አያሳምም። ከእርሻ የተመለሱ ገበሬዎች ደጇ ላይ ተደርድረው መለኪያቸውን ይዘው ሲጫወቱ፣ ሳቃቸው ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር።

«ቄሱ አረቄ አትጠጣ ያሉኝ ይሄን ሳይቀምሱ ነው» ይላል አንዱ።

«ቀምሰውማ ነው! ለእሳቸው እንዲተርፍ ብለው ነው እንጂ» ይመልስለታል ሌላው።

ይመኙሻል ከጓዳ ሆና ትስቃለች። ያን ሳቅ የሰጣት ሙያዋ ነበር፤ ሙያውን ደግሞ ከእናቷ ነበር ያገኘችው።

አንድ ዓመት ከቆላ አገር አንዲት ሙሽራ መጥታ ጎረቤቷ ሆነች። ስሟ ትርንጎ ነው። ጎጆዋን ገና ሳታደላድል የይመኙሻልን ደጅ አንኳኳች።

«እትዬ ይመኙሻል፣ ሙያዎን ያስተምሩኝ። እኔ አገር አረቄ የሚባል ነገር አናውቅም፤ ግን እማራለሁ።»

ይመኙሻል በደስታ ተቀበለቻት። ጌሾው እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ብቅሉ መቼ እንደሚገባ፣ ድፍድፉ መድረሱ በጠረኑ እንዴት እንደሚታወቅ አሳየቻት። ማሰሮውን መጣድ፣ መቃውን መግጠም፣ እንፋሎት እንዳያመልጥ መገጣጠሚያውን በሊጥ መድፈን፣ መቀበያው የተቀመጠበትን ውሃ ሳይሞቅ መለወጥ አስተማረቻት። «እሳቱን አታስቸኩዪው» ትላታለች። «ድፍድፉ ካረረ ጭስ ነው የምትጠጪው።» ትርንጎ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተነገራት አትረሳም። እጇ ቀልጣፋ፣ ሳቋ ቅርብ ነው።

ትርንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ እጅ ጥዳ ማሰሮው መፍላት ሲጀምር፣ ደጅ ከተቀመጡት ገበሬዎች አንዱ ብቅ ብሎ አያትና፣ «ይመኙሻል! ተተኪሽ ተገኘች፤ እንግዲህ አንቺ አረፍ በይ!» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ይመኙሻልም አብራ ሳቀች። ቃሉ ግን ውስጧ እንደ እሾህ ተሰካ። ተተኪ? እኔ በቁሜ?

ይሄኔ ከመቃው ጫፍ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ።

«እትዬ፣ መጣ! ይሄን ምን ላድርገው?»

ይመኙሻል የምትመልሰውን ታውቅ ነበር። ቀድሞ የሚወርደው አይጠጣም። ጉሮሮ የሚቧጥጠው፣ ራስ የሚመታው እሱ ነው፤ ሳይሳሱለት ይደፋል። እናቷ መሬት ላይ ስትደፋው እያየች ነበር ያደገችው። ምላሷ ግን ሌላ ተናገረ።

«ጉልበቱ እሱ ነው» አለች። «ጠብታ እንዳይባክንብሽ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ይመኙሻል የራሷን ስታወጣ ትርንጎን ውሃ ቅጂ ብላ ትልካትና የመጀመሪያውን ትደፋለች። ትርንጎ አንዷንም ጠብታ አትደፋም። የትርንጎ አረቄ ቧጠጠ።

«እትዬ፣ የእኔ ለምንድን ነው የሚቧጥጠው? ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ እኮ!»

«እጅሽ ገና አልለመደም።»

ትርንጎ አመነቻት። እጇን ደጋግማ አየችና አመነቻት።

ዘመን ሄደ። ይመኙሻል አረጀች፤ ዓይኗን ጭሱ፣ ጉልበቷን ብርዱ በላው። ማሰሮዋን አወረደች። የሚጦራት ልጅ ስላልነበራት እንጨቷን የምትሰብረው፣ ውሃዋን የምትቀዳው፣ በዓል በመጣ ቁጥር ጠርሙስ ይዛ ደጇን የምታንኳኳው ትርንጎ ሆነች። በዚህ መሐል ትርንጎ ሌሎች ሴቶችን አስተምራለች፤ እነሱም ሌሎችን አስተምረዋል። በየቤቱ አረቄ ይወጣል፤ በየቤቱም ይቧጥጣል። የድሮውን የሚያውቁት ገበሬዎች አንድ በአንድ አልቀው ነበር። ወጣቶቹ መለኪያውን ጨልጠው ፊታቸውን ያጨማድዱና፣ «አይ! ወንድ የሆነ አረቄ! የጥንቱ የይመኙሻል አረቄ ማለት ይሄ ነው!» ይላሉ።

ይመኙሻል ይህን ስትሰማ የምትገባበት ይጠፋታል። ትርንጎ ያመጣችላትን ስትጎነጭ ጉሮሮዋ ይቃጠላል፤ ዓይኗን ጨፍና የእናቷን ጓዳ ታስባለች። ያ ቀዝቃዛ፣ ያ ንጹሕ ጣዕም በዚህ ምድር ላይ የቀረው እሷ ምላስ ላይ ብቻ ነው። እሷ ስትሞት አብሮ ይቀበራል።

አንድ ቀን አልቻለችም። «ልጄ፣ የመጀመሪያውን ድፊው» አለቻት።

ትርንጎ ሳቀች። «እማማ ደግሞ! ጉልበቱ እሱ ነው፣ ጠብታ እንዳይባክን ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ተሳስቼ ነው።»

«እርስዎ? በአረቄ ተሳስተው? ይልቅ ይተኙ፣ ደክሞዎታል።» ብርድ ልብሷን አስተካክላላት ወጣች። ይመኙሻል፣ ትርንጎ ከበሩ ውጭ ለጎረቤት ስትናገር ሰማቻት። «እማማን እኮ እርጅናው ተጫናቸው። ሙያቸውን ሁሉ ረሱት፣ ምስኪን።»

ይመኙሻል ጣራውን እያየች ተኛች። እውነቱን ተናግራለች፤ ግን ግማሹን ነው። ቀሪው ግማሽ ስሟን ይዞ የሚሄድ ነው። ምናልባትም ውሃ የምትቀዳላትን አንዲት ሰው ጭምር።

ትርንጎ በማግስቱ ስትመጣ፣ «እንስራውን አስቀምጪና ቁጭ በይ» አለቻት። «አልረሳሁም። ያኔም አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው። ተተኪሽ ሲሉኝ ቀናሁብሽ። የእኔ እንዳይቧጥጥ የመጀመሪያውን እደፋው ነበር። ውሃ ቅጂ ብዬ የምልክሽ ለዚያ ነው።»

ትርንጎ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

«እጄን ነበር እኮ የምረግመው» አለች። «ይሄን ሁሉ ዘመን። እጄ መራራ ነው፣ ምን አድርጌ ነው እያልኩ።»

ተነሥታ ሄደች። ደህና ዋሉም አላለችም።

በነጋታው ሌላ ጎረቤት ውሃ ቀዳችላት። በሳምንቱም ሌላ። ወሬው መንደሩን አዳርሶ ነበርና የመጡትም ብዙ አላወሯትም። የይመኙሻል አረቄ የሚል ሰው ጠፋ። እሷም «ይገባኛል» አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ትርንጎ ናት። ጠርሙስና መለኪያ ይዛለች። ፊቷ አይስቅም፤ ግን አልተቆጣም። አጠገቧ ተቀመጠችና ቀዳች። በዚያ አገር ቀድቶ የሚሰጥ ሰው፣ የደበቀው ክፉ ነገር እንደሌለ ለማሳየት መጀመሪያ ከራሱ መዳፍ ይቀምሳል። ለቤተሰብ ሲሆን ይተዋል። ትርንጎ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለይመኙሻል ቀምሳ ሰጥታ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ከመለኪያው ግራ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ዓይኗን ከአሮጊቷ ዓይን ሳትነቅል ጠጣችው።

«ይኸው እማማ» አለች መለኪያውን እየዘረጋች። «እኔ የደበቅኩት የለም።»

ይመኙሻል ተቀበለች። አረቄው ምላሷ ላይ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዘቀዘ። አለቀሰች፤ ትርንጎም አላባበለቻትም፤ ከአጠገቧም አልተነሣችም።

ወዳጆቼ፣ የምናውቀውን ስናስተምር ከመሐሉ አንዲት ነገር ለራሳችን እናስቀራለን። የቀረችው ነገር ግን ከእኛ ጋር አትቀመጥም። በሌሎች እጅ ጉድለት ሆና ትሠራለች፤ እነሱም ጥፋቱ የራሳቸው እየመሰላቸው ይኖራሉ። ልናርመው ስንመለስም መፍትሔውን ብቻ ይዘን ብንሄድ የሚያምነን የለም። ለምን እንደደበቅን ጭምር መናገር አለብን፤ ከባዱም እሱ ነው።

ከእኛ ተምሮ ዛሬ የገዛ እጁን የሚረግም ሰው ማነው? እስከ መቼስ ይርገም?