ውድነሽና አልጠብቅም ያለው ኮድ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ሥራ ያላችሁ ሂዱ!

ውድነሽ ለአንድ የአውቶብስ ድርጅት ድረ ገጽ ትሠራለች። ጎኗ የምትቀመጠው ትርሲት ናት። የትርሲት ገጽ ገና ሲነካ ይከፈታል፤ አለቃቸው ጋሽ ሙላትም እሷን አመስግነው አይጠግቡም። ውድነሽ ይህን ስትሰማ እርር ድብን ትላለች። ፍላጎቷ አንዲት ናት፤ የእሷም ገጽ ያልተያዙ ወንበሮችን እንዲያሳይ። እስከ ምሳ ሰዓት ካላሳየ ሥራው ለትርሲት ይሰጣል።

ገጹን ከፈተችው። ምንም የለበትም!

"አንተ ገጽ፣ ወንበሮቹ የታሉ?"

"እኔ ምን ላድርግ? ተቀባዩ ባዶዬን ሰደደኝ።"

ተቀባዩ የተሳፋሪውን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ኮድ ነው። ሄደችበት። "አንተ ተቀባይ፣ አንተ ባዶ ሰደድክ፤ ገጹም ባዶ ሆነ። ለምን?"

"እኔ ምን ላድርግ? መልእክተኛው ዘገየብኝ።"

ከመዝገቡ መረጃ ተሸክሞ ወደሚመጣው ኮድ፣ ወደ መልእክተኛው ሮጠች። "አንተ መልእክተኛ፣ አንተ ዘገየህ፤ ተቀባዩ ባዶ ሰደደ፤ ገጹም ባዶ ሆነ። ለምን?"

"እኔ ምን ላድርግ? መዝገቡ አቆየኝ።"

ወንበሮቹ ሁሉ ወደተጻፉበት መዝገብ በረረች። "አንተ መዝገብ፣ አንተ አቆየህ፤ መልእክተኛው ዘገየ፤ ተቀባዩ ባዶ ሰደደ፤ ገጹም ባዶ ሆነ። ለምን?"

"ስንት ሺህ ወንበር አገላብጬ ነው የምሰጠው! የትርሲትንም መልእክተኛ ለአፍታ አቆያለሁ። የሷ ተቀባይ ግን ይጠብቃል።"

እዚህም ትርሲት! ውድነሽ ሰዓቱን አየች፤ ለምሳ አሥር ደቂቃ ቀርቷል። እየመረራት ዞረች።

"ትርሲት፣ መዝገቡ ያቆያል፤ መልእክተኛው ይዘገያል፤ ተቀባዩ ባዶ ይሰድዳል፤ ገጹም ባዶ ይሆናል። እስቲ እይልኝ።"

ትርሲት አየችው። "'ጠብቅ' የሚለው ትእዛዝ የታለ?"

"ሰረዝኩት።"

"ምን ነካሽ?"

"የኔ ካንቺ ቀድሞ እንዲከፈት ብዬ ነዋ!"

ትርሲት ሳቀች፤ ውድነሽ ፊቷ ቀላ። ቢሆንም "ጠብቅ" ብላ ጻፈች። ያን ጊዜ ተቀባዩ ጠበቀ፤ መዝገቡ ፈልጎ ሰጠ፤ መልእክተኛው ተሸክሞ መጣ፤ ተቀባዩ ሙሉውን ላከ፤ ገጹም አሥራ አንድ ወንበር አሳየ።

ጋሽ ሙላት መጥተው አጎንብሰው አዩና፣ "ሥራው ያንቺው ነው፣ ልጄ!" ብለው ለምሳ ወጡ።

ትርሲት ሳቋን አቆመች። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ "ግን ውድነሽ፣ የኔን ያህል አይፈጥንም፣ አይደል?" አለች።

ውድነሽ ቀኑን ሙሉ ፈገግ እንዳለች ዋለች።