ወንዝ የተሻገረው ቃጭል

አንድ ጊዜ አንዲት ብልህ አህያ ጅብ ሲቀርብ በራሱ የሚጮህ ቃጭል ሠራች። የመንደሩ አህዮች ሁሉ አንገታቸው ላይ አሰሩት፤ ከዚያ ወዲህ የተበላ አህያ አልነበረም። እሷ ግን መንደሩ ጠበባት። «ይሄን የመሰለ ሥራ እዚሁ ተቀብሮ ይቅር?» እያለች ትብሰለሰል ጀመር።

በዚያው ሰሞን እመት ቀበሮ ከዋርካው ሥር የንግድ ማፋጠኛ ከፍታ ነበር። ሥራዋ ባለፈጠራዎችን ለሦስት ወር አሠልጥኖ ወደ ውጭ ገበያ ማሻገር ነው። ምን እንደሚያፋጥን የጠየቃት አልነበረም።

«እህቴ፣ የወንዙን ማዶ ገበያ አጥንቼዋለሁ» አለቻት ለአህያዋ። «አንድም ቃጭል የለም። ተወዳዳሪ የሚባል አታገኚም።»

«ማዶ የሚኖረው ማን ነው?»

«ጅቦች።»

አህያዋ ጆሮዋን አቆመች። «ጅብ የጅብ ማስጠንቀቂያ ምን ያደርግለታል?»

«ምንም! ለዚህ እኮ ነው ዕቃሽን ከአገሩ ጋር ማስማማት ያለብሽ። እዚህ ጅብ ሲመጣ ይጮሃል፤ እዚያ አህያ ስትመጣ ይጩህ። ትንሽ ማስተካከያ ናት።»

እውነትም ትንሽ ነበረች። አህያዋ በሁለት ቀን ጨረሰቻት፤ በጣምም ደስ አላት።

ባሏ ሲሰማ ክው አለ። «ኧረ ተይ! የምትሄጂው እኮ ጅብ ቤት ነው!»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማህም?» አለችው። «እኔ የምተማመነው በቃጭሌ ነው።» ቀበሮ ያዘጋጀችላትን ካፖርትና ባርኔጣ አድርጋ፣ ከቀበሮ ጋር ወንዙን ተሻገረች።

አያ ጅቦ ቃጭሉን አንገቱ ላይ ከማሰሩ ጩኸቱን ለቀቀው። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ፊቱ የቆመችው ባለካፖርት እንግዳ ናት።

«እመቤቴ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አላት። «ዝም ብሎ ይጮሃል። አህያዋ የታለች?»

አህያዋ «አዎ፣ ተበላሽቷል» ብትል እንደምትተርፍ አልጠፋትም። ግን በሥራዋ ሲመጡባት አትወድም።

«የኔ ዕቃ አይበላሽም!» አለችና ባርኔጣዋን አወለቀች።

እመት ቀበሮ ድርሻዋን፣ አንድ ታፋ፣ ይዛ ተመለሰች። በሳምንቱ ፍየሎችን መመዝገብ ጀመረች።

አያ ጅቦ ግን «የውጭ ዕቃ እኮ ነው» እያለ ቃጭሉን ከአንገቱ አላወርድ አለ። ወደ አህዮቹ መንደር በተጠጋ ቁጥር ይጮህበታል፤ እነሱም ሰምተው ያመልጣሉ። ለምን እየከሳ እንደሄደ እስከ ዛሬ አልገባውም። የሟቿ ባል የቃጭሉን ድምፅ በሰማ ቁጥር «የሷ ሥራ ነው፣ አይሳሳትም» ይላል፤ ከዚያ ይሮጣል።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕቃውን ወንዝ ለማሻገር የሚቸኩል ሁሉ ማዶ ያለው ገዢ የሚፈልገው ዕቃውን ይሁን ባለዕቃውን አስቀድሞ ማጣራት እንዳለበት ነው።