አያ ዝንጀሮ፣ ሽኮኮና የማይበረው ሳጥን

ተረት ላወራችሁ ነው። የላሟን በረት ዘግታችሁ ቅረቡ። የሚያንቀላፋ ካለ ከወዲሁ ይሂድ፤ ተረቴ ነጎድጓድና በረዶ አለበት።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ ይናገሩ በነበረበት፣ ዕቃም ሲከፋው በሚያጉረመርምበት ዘመን፣ ወንዝ ሞልቶ ድልድይ ወሰደ። ወዲያ ማዶ የነበረ ወዲያ ቀረ፣ ወዲህ የነበረም ወዲህ ቀረ። ወፎችን አሻግሩን ቢሏቸው ጀርባችንን ያመናል አሉ። እንስሳቱ ተናደዱና አውሮፕላን ሠሩ። ዝሆን ብረቱን ቀጠቀጠ፣ ሸረሪት ገመዱን ፈተለች፣ ጉንዳን ብሎኑን አጠበቀ። ግራና ቀኝ ሁለት ሞተር ገጠሙላት።

አውሮፕላኗ ግን አንድ ብቻ ናት። እንዳትሰበር ብለው የምስለ በረራ ሳጥን ጨመሩ። ሳጥኑ በስድስት እግሩ ቆሞ ስንዝር አይሄድም፤ ውስጡ የገባ ግን ደመና ላይ ያለ ይመስለዋል። ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲያሻው በረዶ ያዘንባል። ባሕሪውም አስቸጋሪ ነው፤ የገባበት ሁሉ ሲወድቅለት ደስ ይለዋል። ሕጉ ደግሞ እንዲህ ነበር፦ ሁለት ሁለት ሆነው ይፈተናሉ፤ ሦስት ጊዜ የወደቀ እውነተኛዋን አውሮፕላን ዕድሜ ልኩን አይነካትም።

አያ ዝንጀሮ ለፈተና ሲመጣ ልቡ ማዶ ነበር። ወዲያ ማዶ የተዳረች ልጁ ሴት ልጅ ወልዳለች። በዝንጀሮዎች ወግ ስም የሚያወጣው አያት ነው። አያት እስኪመጣ ሕፃኗ ስም የላትም፤ እናቷም «አንቺ» እያለች ታጠባታለች። አያ ዝንጀሮ ይህን ሲያስብ እንባው ይመጣል። «ሳልሻገር ብቀር ልጅቱ ‹አንቺ› እንደተባለች ታገባለች» ይል ነበር።

ረዳቱ ሽኮኮ ነበረች። ዓይኗ ስለታም ነው፤ አለት ላይ ተቀምጣ ጭልፊት ስትጠብቅ የኖረች ናት። ግን ይሉኝታዋ አያድርስ ነው። ታላቅን ማረም ለእሷ የታላቅን ጋቢ እንደመርገጥ ነው።

አስተማሪያቸው እማማ ኤሊ ትምህርቱን በአጭሩ ሰጠቻቸው። ሞተር ሲታመም መጀመሪያ የአውሮፕላኗን አፍንጫ አቅኑ። ቀጥሎ የታመመው የትኛው እንደሆነ እዩ። ከዚያ የታመመውን ብቻ አጥፉ፣ አለበለዚያ እሳቱ ክንፏን ይበላዋል። በጤነኛው ቀስ ብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ገቡ። ሳጥኑ ዝናቡን ለቀቀው፣ ጭጋጉንም አለበሳቸው። ወዲያው የቀኙ ሞተር አሳለ፣ አነጠሰ፣ ጭስ ተፋ። ደወሉ ጮኸ። አያ ዝንጀሮ እጁ ፈጣን ነው፤ ቅርቡ ያለውን፣ የግራውን ማጥፊያ ሳብ አደረገው።

የግራው ሞተር «እኔ ደህና ነበርኩ እኮ» ብሎ ዝም አለ።

ሽኮኮ አይታለች። ከማጥፋቱ በፊት አይታለች። ግን ታላቅ ነውና ምላሷን ዋጠችው። ሳጥኑ ተንገጫግጮ በአፍንጫው ተደፋና «አንድ» እያለ ሳቀባቸው።

ከሳጥኑ ሲወጡ ሽኮኮ ስህተቱን አይታ እንደነበር ተናዘዘች። አያ ዝንጀሮ ግንባሩን ያዘ። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ፣ ካየሽ ተናገሪ ብሎ አስማላት። እሷም ማለች።

በሁለተኛው ቀን ሳጥኑ ንፋስ ጨመረበት። አሁንም የቀኙ ሞተር አሳለ፣ አነጠሰ፣ ጭስ ተፋ። የአያ ዝንጀሮም እጅ እንደለመደው ወደ ግራ ሄደ። ሽኮኮ መሐላዋን አሰበችና አፏን ከፈተች።

«አያ ዝንጀሮ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እርስዎን ለማረም እኔ ማን ነኝ፤ አባቴ በሕይወት ቢኖር እንኳ እንደ እርስዎ ነበር የማከብረው፤ ድፍረት አይሁንብኝና ምናልባት ዓይኔ አሳስቶኝ ካልሆነ በቀር፣ ያ የያዙት ማጥፊያ...»

ዱብ። ወደቁ።

ሳጥኑ እስኪያለቅስ ሳቀ። «ሁለት» አለ። «የሚቀጥለውን ሰላምታ መሬት ላይ ጨርሱት።»

አያ ዝንጀሮ ውጭ ተቀምጦ ሌባ ጣቱን ነከሰ። አንድ ዕድል ብቻ ቀርቶታል። ሽኮኮን ሊቆጣት አሰበና ስታለቅስ ሲያያት ተወው። ሽኮኮን አስከትሎ ወደ እማማ ኤሊም ሄዶ፣ ይህችን ሴት እንዴት አድርጌ ላናግራት ብሎ ጠየቀ።

እማማ ኤሊ አንገቷን አወጣች። «እሷን ተዋት። ጥፋቱ የአንተ እጅ ነው። እጅህ ቀድሞ ከወሰነ በኋላ ማን ደፍሮ ይናገርሃል? ማጥፊያውን ያዝ፣ አትሳብ። ‹ንገሪኝ› በላት። አንቺም ልጄ፣ መልስሽ ከሁለት ቃል አይለፍ። ምርቃቱን ስትወርዱ ትመርቂዋለሽ።»

ሰባት ቀን ተለማመዱ። አያ ዝንጀሮ ድስት ክዳን ላይ እጁን ያሳርፍና «ንገሪኝ» ይላል፤ ሽኮኮ «ትኩስ ነው» ትላለች። በር ይዞ «ንገሪኝ» ይላል፤ «ውሻ አለ» ትለዋለች። የአያ ዝንጀሮ ሚስት መጀመሪያ አበዱ ብላ ነበር። በስድስተኛው ቀን እሷም ጨው ልትጨምር ስትል እጇን አቁማ ንገሩኝ ማለት ጀመረች። ወጡም ጣፈጠ ይባላል።

ሦስተኛው የፈተና ቀን መጣ። እንስሳቱ ሁሉ ደጅ ተሰበሰቡ። ሳጥኑ ያለውን ሁሉ አወጣ፤ ዝናቡን፣ ጭጋጉን፣ ንፋሱን፣ በረዶውን፣ መብረቁን። ተንኮለኛ ነውና ዛሬ ያሳመመው የግራውን ሞተር ነው። ሞተሩ አሳለ፣ አነጠሰ፣ ጭስ ተፋ። አፍንጫዋም ወደ ግራ ዞረ።

አያ ዝንጀሮ መጀመሪያ አፍንጫዋን አቀና። ከዚያ ሁለቴ በግራ እንደተሳሳተ ትዝ አለውና እጁ ወደ ቀኙ ማጥፊያ ሮጠ። ያዘው። ሊስበው ነው። ያቺ ስም የሌላት ልጅ ፊቱ ድቅን አለችበት። እጁን ገታ።

«ንገሪኝ» አላት።

ሽኮኮ አላመነታችም። «ግራው ነው» አለች።

እጁን ከቀኙ አነሳ። ግራውን ያዘና እንደገና ተመለከታት፤ እሷም አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሳበው። ጭሱ ቆመ። የቀኙ ሞተር «ተሸክሜያችኋለሁ፣ አታስቸኩሉኝ» እያለ በረዶውን ሰንጥቆ ወጣ። ሳጥኑ አንዴ በስተግራ፣ አንዴ በስተቀኝ አናወጣቸው፤ አልሆነለትም። መንኮራኩሩ መሬት ነካ። ሽኮኮም ያጠራቀመችውን ምርቃት በሙሉ እዚያው አዘነበችው፤ አያ ዝንጀሮ አሜን እያለ ምሳ ሰዓት አለፈው።

ሳጥኑ ትንሽ አኮረፈ። ከዚያ ግን፣ «እኔ ከዚህ ሄጄ አላውቅም፤ እውነተኛው ሰማይ ምን እንደሚመስል ስትመለሱ አውሩልኝ» አላቸው።

በማግስቱ ወንዙን ተሻገሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ሞተሮቹም እየዘፈኑ ሄዱ። ማዶ ሲደርሱ ልጁ ሕፃኗን አምጥታ አስታቀፈችው። ዘመድ ሁሉ ስሙን ሊሰማ ተሰበሰበ። አያ ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። በመንገድ ሁሉ ሲያስብበት የመጣ ስም ነበረው።

«ስሟ ነጎድጓድ ይሁን» ሊል አፉን ከፈተና ቆመ። ወደ ሽኮኮ ዞሮ ስሙን በጆሮዋ ሹክ አላትና ጠየቃት። «ንገሪኝ።»

ሽኮኮ በዘመድ ሁሉ ፊት፣ ያለ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ያለ ድፍረት አይሁንብኝ፣ «አያምርም» አለች።

አያ ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሕፃኗንም ከፍ አድርጎ «እንግዲያው ስሟ ንገሪኝ ነው» አለ። ልጅቱ እስከ ዛሬ ንገሪኝ ትባላለች፤ ሲጠሯት ሁሉ እውነቱን ትናገራለች አሉ።

ስለዚህ ታላቅ የሆናችሁ፣ እጃችሁ ሳይወስን ጠይቁ። ታናሽ የሆናችሁ፣ ስትጠየቁ አታስረዝሙ። ተረቴ ይኸው ነው፤ የእኔን ድርሻ ዳቦ ለሽኮኮ ስጡልኝ።