ብራቅ በቋጥኝ አይጎተትም

አንድ ጊዜ ጅብ የናፍጣ ፒካፕ ገዛ። መኪናው «ብራቅ» የሚባለው ነው። ቀይ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ሞተሩ ሲነሳ ያጓራል። ምን ሊያደርግበት እንደገዛው ግን ብትጠይቁት አያውቅም። የሚጭነው ዕቃ የለውም፤ የሚያደርሰው ዘመድም የለውም። ዘመዶቹ እሱ ካለበት ቆላ ነቅለው ከሄዱ ቆይተዋል። እሱ ብቻውን ዋሻው ውስጥ ቀርቷል። ሲመሽ ይጮሃል፤ የሚመልስለት የለም።

በዚያ ሁሉ አገር አንድ ጎረቤት ብቻ ነበረችው፣ አህያ። እሷም ፒካፕ አላት፤ የእሷ ግን «ቋጥኝ» የሚባለው ነው። አሮጌ ነው፣ አንዱ በሩ በሽቦ የታሰረ ነው። ግን ውሃ ታመላልስበታለች፣ እህል ወፍጮ ቤት ታደርስበታለች፣ ውርንጭላዋ ሲያመው ሐኪም ጋ ትበርበታለች። መንገድ ላይ ከጅብ ጋር ሲገናኙ ቆም ትልና «እንዴት ዋልክ አያ ጅቦ?» ትለዋለች። እሱም «ደህና ነኝ፣ ልጁስ?» ይላታል። በቃ፣ ወሬያቸው ይችው ናት። ጅብ ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ የሚያወራው አልነበረውም።

አንድ ቀን ቀበሮ ደወለለት።

«አያ ጅቦ፣ ብራቅ ገዛህ አሉ! እንኳን ደስ አለህ! በል ግሩፓችን ግባ። የብራቅ ልጆች ይባላል፤ አድሚኑ እኔ ነኝ።»

«እዚያ ምን አለ?» አለ ጅብ።

«ወንድሞች አሉ።»

ወንድሞች ሲባል የጅብ ሆድ ባባ። ወዲያው ገባ።

ቀበሮ ደንቡን ላከለት። ደንቡ አጭር ነው። የቋጥኝ ባለቤት ሰላም አይባልም። ብራቅ ቢበላሽም፣ ገደል ቢገባም በቋጥኝ አይጎተትም፤ ያስጎተተ ከግሩፑ ይባረራል። ጅብ «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም። የመኪናውን ፎቶ አንስቶ ለቀቀ። አሥራ ሁለት ልብ መጣለት፤ ያቺ ስልክ ላይ የምትላከዋ ቀይ ልብ ማለቴ ነው። ጅብ መቼም ጠግቦ አያውቅም። ሥጋም ቢሆን፣ ልብም ቢሆን። በማግስቱ ሌላ ፎቶ ለቀቀ፣ በሦስተኛው ቀንም ሌላ። ስልኩ ጢን ባለ ቁጥር ጆሮው ይቆማል።

ከዚያ ቀበሮ ጻፈለት፦ «የራስህን ብቻ አታሳየን እንጂ ወንድሜ፣ እዚያ አካባቢ ቋጥኝ የለም እንዴ? አንድ ሳቅ አምጣልን።»

ጅብ ሄዶ ከቁጥቋጦ ኋላ ተደበቀ። የአህያ መኪና ዳገት ላይ ጭሱን እየለቀቀ ሲወጣ ከኋላ ፎቶ አነሳው። «ወገኖች፣ ይሄ መኪና ነው ምድጃ?» ብሎ ጻፈበት። አርባ ልብ! ዝንጀሮ «ገደልከን!» አለ። ከርከሮ «ሹፌሯ ናት ጭሱን የምታወጣው ወይስ መኪናው?» አለ። አንበሳ እንኳን፣ ያ ትልቁ አንበሳ፣ «ሃሃ» ብሎ ጻፈ። ጅብ ያን ቀን ዋሻው ውስጥ ብቻውን ተንከባለለ፣ ብቻውን ሳቀ።

በማግስቱ አህያ እንደ ልማዷ ቆመች። «እንዴት ዋልክ አያ ጅቦ?»

ጅብ የመኪናውን መስኮት ወደ ላይ ዘጋው።

«ምን አድርጌው ይሆን?» አለች አህያ ለራሷ። ከዚያ መኪናዋን አንቀሳቅሳ ሄደች።

ከሰፈራቸው በታች ሰፊ የአሸዋ ወንዝ አለ። በበጋ ደረቅ ነው፣ መኪና ያቋርጠዋል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን እዚህ ፀሐይ እያለ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ስለዚህ የሚያቋርጥ ሁሉ መሃል ላይ አይቆምም። ይህን ጅብም ያውቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጅብ ወንዙን ሲያቋርጥ መሃሉ ላይ አንድ ሐሳብ መጣለት። እዚህ ቆሜ ፎቶ ብነሳ ስንት ልብ ይመጣል? ቆመ። ወረደ። ፎቶውን አነሳ። «ብራቅ አሸዋ አይፈራም!» ብሎ ለቀቀው። ልቡ በአንድ ጊዜ ጎረፈለት። ደስ ብሎት ተመልሶ ገባና ነዳጅ ረገጠ። ጎማው ዞረ፣ መኪናው ግን አልሄደም። አሁንም ረገጠ። ጎማው አሸዋውን እየቆፈረ ወረደ። ሦስተኛ ሲረግጥ መኪናው በሆዱ ተኛ።

ጅብ ስልኩን አነሳ። «ወንድሞቼ፣ ወንዝ ውስጥ ተይዣለሁ። ድረሱልኝ።»

ቀበሮ፦ «አይዞህ ወንድሜ! ብራቅ ነህ!»

ከርከሮ፦ «እኔ ሩቅ ነኝ እንጂ እመጣ ነበር።»

አንበሳ ቅርብ ነው፣ ኮረብታውን ተሻግሮ ነው ያለው። ጅብ ለእሱ ለብቻው ጻፈለት። አንበሳም መለሰ፦ «መኪናዬን አሁን ነው ያሳጠብኩት።»

ጅብ ቀና ሲል ደጋው ጠቁሯል።

ያኔ የአህያ ቋጥኝ እያጨሰ ደረሰ። ከወፍጮ ቤት መመለሷ ነው። ዳር ላይ አቆመችና ገመድ ይዛ ወረደች።

«አያ ጅቦ! ደጋው ላይ ዘንቧል እኮ፣ አታይም?»

«አያለሁ።»

«ታዲያ ምን ተቀመጥክ? እንካ፣ ይህን ከፊት እሰረው፣ እስብሃለሁ።»

ጅብ ገመዱን አየው። ወፍራም ነው። ሌላው ጫፍ ቋጥኙ ላይ ታስሯል።

«ወንድሞቼ እየመጡ ነው» አለ።

«የትኞቹ ወንድሞችህ? እነሱማ ከሄዱ ስንት ዘመናቸው።»

«የብራቅ ልጆች ናቸው። ሰባ ነን። አንቺ አታውቂያቸውም።»

«እሺ፣ ሰባዎቹ ሲመጡ ይመጣሉ። እስከዚያ እኔ ላውጣህ።»

«በቋጥኝ አልጎተትም። ደንብ ነው።»

«የማን ደንብ?»

«የቀበሮ።»

«ቀበሮ የት ነው ያለው?»

ጅብ አሰበ። «እንጃ» አለ።

አህያ ዙሪያውን ተመለከተች። አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው። «ማን ያየናል አያ ጅቦ? እኔና አንተ ብቻ ነን። ለማን እናገርብሃለሁ? ለልጄ?»

ጅብ እጁን ዘረጋ። ገመዱን ያዘው። በልቡ ብዙ ነገር ተመላለሰ። መኪናው ቢሄድ ምን ያሽከረክራል? ግሩፑ ቢሄድ ከማን ጋር ያወራል? ይህን እያሰበ ስልኩ ጢን አለ። ዝንጀሮ ነው፦ «ቪዲዮ! ቪዲዮ! ብራቅ ራሱን ችሎ ሲወጣ አሳየን!» ሥሩ ላይ ልብ ተደርድሯል።

ጅብ ገመዱን ለቀቀው።

አህያ እግሯን አነሳች፣ መልሳ ጣለች። ዓይኗ አንዴ ደጋው ላይ ነው፣ አንዴ መንገዱ ላይ። «ስማኝ፣ ልጄ ቤት ብቻውን ነው፤ በሩን ዘግቼበት ነው የወጣሁት። ወደ ቤት ስሄድ ከፊቴ ሌላ ትንሽ ወንዝ አለ፤ እሱ ከሞላ እዚሁ ማደሬ ነው። የመጨረሻ ልጠይቅህ፣ ልሳብህ?»

ጅብ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም።

«እሺ። ባይሆን መኪናውን ተወውና አንተ ውጣ። ትሰማለህ? አንተ ውጣ።» ገመዷን ጠቅልላ ሄደች። ትንሽ ራቅ ብላ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ሄደች።

ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ቀጥሎ ግንድ የተሸከመ ቀይ ውሃ። ጅብ ዘልሎ ዳር ወጣ። ብራቁ አንዴ ወደ ጎን ዘመም አለ። ከዚያ ተነሳ፣ ዞረ፣ በጀርባው ተገለበጠና በመታጠፊያው በኩል ከዓይን ጠፋ።

ጅብ በእርጥብ እጁ ጻፈ፦ «መኪናዬን ውሃ ወሰደው። በቋጥኝ ግን አልተጎተትኩም።»

እንዲያ ያለ ልብ ታይቶ አያውቅም። «ጀግና!» «እውነተኛ የብራቅ ልጅ!» «አንተን ነው ማየት!» ጅብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አነበበ። ብርዱንም ረሳው።

ከዚያ ቀበሮ ለብቻው ጻፈለት።

«ወንድሜ፣ በእውነት አኮራኸን። እና ሌላ ብራቅ አለህ?»

«የለኝም። ያ ብቻ ነበር።»

«አይ፣ ያሳዝናል። ግሩፑ እኮ የባለ ብራቆች ነው። አሁን አንተን ባስቀር ነገ እግረኛው ሁሉ ልግባ ይለኛል። መቼም አንተ ይገባሃል።»

ጅብ መልስ ሳይጽፍ ግሩፑ ከስልኩ ላይ ጠፋ። ፎቶውም፣ ልቡም፣ ሰባው ወንድሞቹም። ስልኩን ገለበጠው፣ ነቀነቀው። ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ጢን የሚል የለም። ውሃው ብቻ ይጮሃል።

ሲነጋ ጅብ በእግሩ መንገዱን ይዞ ይሄድ ነበር። እግሩ ቆስሏል። አህያ ደረሰችበትና አጠገቡ አቆመች።

«ተመስገን፣ ተርፈሃል! እንቅልፍ አልወሰደኝም። ና ግባ፣ ላድርስህ። ልጁም ከኋላ ተኝቷል፣ አይረብሽህም።»

ጅብ የተከፈተውን በር አየ። በሩ ላይ ቋጥኝ የሚለውን ጽሑፍ አየ።

«እኔ እኮ የብራቅ ልጅ ነኝ» አለ።

«ብራቁ የታለ?» አለች አህያ፣ በቀስታ።

ጅብ አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ቀጠለ። አህያ ሞተሩን ሳታጠፋ ትንሽ ጠበቀችው። ልጇ ነቅቶ ማልቀስ ሲጀምር በሩን ዘጋችና አልፋው ሄደች። አቧራው እስኪበተን ድረስ ጅብ ከፊቱ ምንም አይታየውም ነበር፤ ሲበተን ደግሞ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ከሩቅ «አይዞህ» የሚለን ስንትም ቢሆን፣ ገመድ ይዞ አጠገባችን የቆመውን በሚነዳው መኪና ስም ከገፋነው ብቻችንን የምንቀረው እኛው ራሳችን መሆናችንን ነው።