ፊቱ የተሸጠው ቤት

ተረት አለኝ፤ ጆሮ አላችሁ? ካላችሁ ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ፣ በሩም አጥሩም አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ አያ ጃርት የሚባል ሽማግሌ ጉብታ ላይ የጭቃ ቤት ነበረው። ቤቱ አርጅቷል። የኋላው ግድግዳ ተሰንጥቆ በበጋ ነፋስ፣ በክረምት ውሃ ያስገባል። ብርዱ ጉልበቱን ሲቆረጥመው አያ ጃርት፣ "ዝናቡ ሳይጥል ቤቴን ሸጬ ቆላ ልውረድ" ብሎ ወሰነ።

ይህን ሲሰማ በሩ ሲጢጥ አለ። "አያ ጃርት፣ ቤት የሚሸጠው በበሩ ነው። ቀይ አፈር ቀባኝ!"

"እውነትህን ነው" ብሎ ቀባው።

የኋላው ግድግዳ፣ "እኔንስ? ትንሽ ጭቃ ብትመርገኝ ምናለበት?" አለ።

"ገዢ በጓሮ አይመጣም፤ ዝም በል!"

በማግስቱ አጥሩ ተነሣ። "በሩ ሙሽራ መስሎ እኔ ሚዜው ራቁቴን ልቁም? አበባ አልብሰኝ!"

አያ ጃርት ወንዝ ወርዶ ያበበች ሐረግ ነቅሎ አለበሰው።

"እኔንስ?" አለ ግድግዳው።

"ዝም በል ብዬሃለሁ!"

በሦስተኛው ቀን መስኮቱ አኮረፈ። "ሁሉም ለብሶ እኔ ብቻ ዓይኔን አፍጥጬ ልቅር? መጋረጃ!"

አያ ጃርት ሌላ ጨርቅ ስለሌለው ያችኑ አንዲት ጋቢውን ቀደደለት።

"እኔንስ?" አለ ግድግዳው፤ ድምፁ በስንጥቁ ያፏጫል። አያ ጃርት እሾሁን አቁሞ ጀርባውን ሰጠው።

ገዢዎች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ እመት ፍየል መጣች።

"ወይ ማማሩ! ወይ መጣፈጡ!" እያለች አጥሩን ዞረችው።

"ግቢና ቤቱን እዪው እንጂ፣ እመት ፍየል።"

"ቤት ምን ያደርግልኛል? አጥሩን ሽጥልኝ።"

አንድ ቁና ገብስ ሰጠችውና አጥሩን እዚያው ቆማ በላችው። አጥሩ "ኧረ ቀስ! አበባዬን!" እያለ አለቀ።

አያ ጃርት፣ "ገብስም ክፉ አይደለም" ብሎ ራሱን አጽናና።

ቀጥላ እመት ጦጣ መጣች። በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። "ዛፌ በር ስለሌለው ይኸው ሁሉም ሳያንኳኳ ይመጣብኛል! ቤቱን ተወውና በሩን ስጠኝ።"

በሩም፣ "ዛፍ ላይ መውጣት ለኔ ሹመት ነው" ብሎ ፈነደቀ። እመት ጦጣ አንድ ቅርጫት ሾላ ሰጥታ በሩን አዝላ ሄደች።

በመጨረሻ አያ ጅቦ መጣ። በመጋረጃው አጮልቆ አየና ሳቀ።

"ሳይታዩ ማየት! ዕድሜ ልኬን የፈለግሁት ይህን ነው። መስኮቱን እወስዳለሁ።"

"ቤቱንስ፣ አያ ጅቦ?"

"ቤት አለኝ። ግን መስኮት ያለ ግድግዳ አይቆምም፤ የፊቱን ግድግዳ ጨምርልኝ።"

አያ ጃርት እንቢ ሊል አፉን ከፍቶ የጅቡን ጥርስ አየ። "ምን ገዶኝ፣ ውሰደው" አለ።

አያ ጅቦ አንድ የከረመ አጥንት ወረወረለትና ግድግዳውን ከነመስኮቱ እየጎተተ ሄደ። ጣሪያው ዘመመና በኋላው ግድግዳ ላይ ተደገፈ።

ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡ ወረደ። ወደ ቆላ የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ቆረጠው። አያ ጃርት ገብሱን፣ ሾላውን፣ አጥንቱን አቅፎ በቀረው ግድግዳ ሥር ተሸጎጠ። ጋቢ የለ፣ በር የለ። ግድግዳው ጠጠር እያራገፈ ተንቀጠቀጠ።

"ግድግዳዬ፣ ባክህ አትውደቅብኝ!"

ግድግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። "እስከ ዛሬ የኋላ ግድግዳ ነበርኩ። አሁን ግን ከፊቴ ማንም የለም፤ እንግዲህ የቤቱ ፊት እኔ ነኝ። ና፣ አሳምረኝ!"

አያ ጃርት ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ጭቃውን በእግሩ እያቦካ፣ በእጁ እየጠፈጠፈ ስንጥቁን መረገው። ዝናቡ ያጥበዋል፤ እሱ ይመርጋል። ያጥበዋል፤ ይመርጋል። ዝናቡ ሲያባራ ግድግዳው ቆሞ ነበር፤ አያ ጃርትም ከሥሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ሾላ እየበላ።

እናንተም ቤት ስትሸጡ መጀመሪያ ውሃ የሚያስገባውን ድፈኑ፤ አበባው ይደርሳል።

ተረቴ እዚህ ላይ አባራ፤ እናንተም ሳትረጥቡ ቤታችሁ ግቡ።