ለጎረቤት ያጎነበሰው ፒክአፕ

አንድ ቀን የቡሬው የበርበሬ ነጋዴ አቶ ልሳነወርቅ አዲስ ፒክአፕ ገዝተው ሱቃቸው በር ላይ አቆሙ። መኪናው ያብረቀርቃል፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ወደፊትም የሚነሳ አይመስልም፤ ሰውዬው ቆጣቢ ናቸው። ቆጣቢ የምላቸው ለክብራቸው ብዬ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ ልሳነወርቅ የአንድ ቃል ፍቅር ያዛቸው። መኪናውን የሸጠላቸው ድርጅት «ከፋብሪካ የመጣውን ነገር ካስነኩ ዋስትናው ይቀራል» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ታዲያ ይህንኑ ለሁሉም ነገር መልስ አደረጉት። የእድሩን ድንኳን ያድርሱልን ሲባሉ፣ «ዋስትናው ይቀራል።» ዝናብ የያዘው የሰፈር ሰው ጥግ ላይ ቆሞ እጁን ሲያነሳ፣ «ዋስትናው ይቀራል።» ሾፌራቸው ሽባባው ሴት ልጅ ወልዶ ክርስትናዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዳገት ላይ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ገና አልጠናችም።

«ጋሼ፣ እባክዎ አራሷንና ክርስትና እናቷን ብቻ አድርሼ ልመለስ» ብሎ ለመናቸው።

«ሰው ከተጫነበት ዋስትናው ይቀራል» አሉት። ሽባባው እንጀራው ነውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

መኪናው አንድ አመል ነበረው። ፊቱ ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ያለ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ ሌላው የበርበሬ ነጋዴ፣ የአቶ ልሳነወርቅ የዘመናት ተፎካካሪ አቶ ጥጋቡ፣ በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይውላሉ። ፒክአፑ የሚቆመው አፍንጫውን ወደ እሳቸው አድርጎ ነው። አንድ ጠዋት አቶ ጥጋቡ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ባርኔጣቸውን አነሱና ለመኪናው ጎንበስ አሉለት።

«አክብሮ ያቆይልኝ! ኧረ በቃ፣ ቀና በል! ልሳነወርቅ፣ አንተ ሰላም ባትለኝም መኪናህ ጨዋ ነው፤ ጠዋት ማታ እጅ ይነሳኛል!»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የየጠዋት ሆነ። አቶ ጥጋቡ ለመኪናው ባርኔጣ ያነሳሉ፣ የቤተሰቡን ደህንነት ይጠይቃሉ፣ ሰው ይስቃል። አቶ ልሳነወርቅ እህል አልወርድ አላቸው።

መካኒኩን ጋሽ ክፍሌን አስጠሩ። ጋሽ ክፍሌ ከመኪናው ሥር ገብቶ አየና እጁን እየጠረገ ወጣ።

«ምንም አልሆነም። ፒክአፕ ሲሠራም እንዲህ ነው፤ ኋላው ጭነት ሲያርፍበት ዝቅ ይልና ይስተካከላል። ፊቱ ይነሳልኝ ካሉ ግን ከፊት ሞላው ላይ ቀለበት አስገብቼ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አደርገዋለሁ።»

«ዋስትናውስ?»

«እሱን የሸጡልዎትን ይጠይቁ። ምናልባት እነሱው ራሳቸው ቢገጥሙት አይቀርብዎትም።»

አቶ ልሳነወርቅ ደወሉ። እንገጥማለን አሏቸው፤ ዋጋውንም ነገሯቸው። ይህን ሲሰሙ አቶ ልሳነወርቅ ደህና ይዋሉ እንኳ ሳይሉ ስልኩን ዘጉት።

በማግስቱ ኋላውን በበርበሬ ጆንያ አስሞልተው በር ላይ አቆሙት። እውነትም መኪናው እንደ ጠረጴዛ ተስተካከለ። አቶ ልሳነወርቅ ያን ቀን ፊታቸው ፈካ። አቶ ጥጋቡ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም፤ እስኪመሽ ድረስ ጠብቀው ገበያተኛው እየሰማ ተጣሩ።

«ልሳነወርቅ! በርበሬህ ገዢ አጣ እንዴ? ጠዋት የጫንከው ማታም እንደተጫነ ነው! ከጨነቀህ እኔ በቅናሽ አነሳልሃለሁ!»

ጆንያው በሩጫ ወረደ። ንዴቱ ግን የሚወርድበት ሲያጣ ሽባባው ላይ አረፈ።

«ስማ! ሾፌሩ አንተ ነህ። እስከ ነገ ጠዋት ይሄ መኪና ለጥጋቡ ማጎንበሱን ይተው! ብሎን እንዳትነካ። ጭነት እንዳትጭን። ከኔም ሰባራ ሳንቲም አትጠብቅ። ካልቻልክ ቁልፉን አስቀምጠህ መንገድህን ያዝ።»

ሽባባው አራሷ ሚስቱ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት። ትንሽ አሰበና፣

«ከቻልኩስ ጋሼ?» አለ።

አቶ ልሳነወርቅ እንደማይችል እርግጠኛ ስለነበሩ ቸርነት ቀለላቸው። «ከቻልክማ እሁድ መኪናውን ለክርስትናው ውሰደው! ይሄ ሁሉ ገበያተኛ ይመስክር!»

በነጋታው ሽባባው ከሁሉም ቀድሞ መጣ። መኪናውን አስነሳ፣ አዞረ፣ እዚያው ቦታው ላይ መልሶ አቆመና ጨርቅ ይዞ መስታወቱን ይወለውል ጀመር።

አቶ ጥጋቡ እንደ ልማዳቸው ወጡ። ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ባርኔጣቸው ሰደዱ፤ እጃቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ። ፒክአፑ መቀመጫውን ሽቅብ ሰቅሎ ሰጥቷቸዋል። ይባስ ብሎ ሽባባው ሞተሩን ሊያሞቅ አስነሳው፤ ጭሱ በረንዳቸው ድረስ ሄደ።

አቶ ልሳነወርቅ ከሱቃቸው ሲወጡ ደግሞ ያገኙት ያንኑ የተደፋ አፍንጫ ነው። ጮኹ።

«ምን ሠራህ አንተ? አሁንም አጎንብሷል እኮ! አንድ ጣት እንኳ አልተነሳም!»

«አዎ ጋሼ፣ አጎንብሷል» አለ ሽባባው ጨርቁን እያጠፈ። «ለማን እንደሆነ ግን ይዩ እንጂ፤ ለገዛው ጌታው ነው። እስከ ትናንት እኮ ለጋሽ ጥጋቡ እጅ እየነሳ መቀመጫውን የሚሰጠው ለእርስዎ ነበር። እርስዎ ዋስትናውን ሲጠብቁ ክብርዎን የሚጠብቅልዎ ሰው ጠፍቶ ነው!»

አቶ ልሳነወርቅ መኪናውን አዩ። ማዶውን አዩ። አቶ ጥጋቡ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ጭሱን ያራግባሉ። አቶ ልሳነወርቅ ሳቃቸው መጣ፤ ደስ አላቸው፣ ከልባቸው ደስ አላቸው። ወዲያው ግን እሁድ ትዝ አለቻቸውና ሳቃቸው ጠፋ።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው… ብቻ ክርስትናው… ሰው ከተጫነበት እኮ ዋስትናው…»

ሽባባው ክርክር አልገጠመም። ቀስ ብሎ ጋቢና ገባና መሪውን ያዘ።

«እንግዲያው እንደ ድሮው ላዙረው።»

«ተው! ተው አልኩህ! ውሰደው!»

ከሰዓት በኋላ አቶ ጥጋቡ፣ ለዓመታት ያልተሻገሩትን አስፋልት ተሻግረው መጡ። አቶ ልሳነወርቅን ማናገሩ ስለከበዳቸው ሽባባውን ወደ ጥግ ሳቡት።

«የኔ ልጅ፣ ያንን ኋላውን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ እንጂ። ቁርሴን የምበላው እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ነውር አይደለም ወይ?»

«ነውርስ ነው ጋሽ ጥጋቡ» አለ ሽባባው ፊቱን አሳዝኖ። «ምን ላድርግ? ከተነካ ዋስትናው ይቀራል።»

እሁድ ዕለት ፒክአፑ አራሷን፣ ሕፃኗንና ክርስትና እናቷን ጋቢና ውስጥ፣ ዘመድ አዝማዱን ደግሞ ከኋላ ጭኖ ወደ ዳገቱ ወጣ። በዚያ ሁሉ ሰው ክብደት ኋላው ረግቶ፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ፣ በአቶ ጥጋቡ በር በኩል አለፈ። እሳቸውም ብድግ ብለው በለመደ እጃቸው ባርኔጣቸውን አነሱና ጎንበስ አሉ። ያን ቀን በዚያ መንገድ ላይ ያጎነበሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።