መጋረጃ የከለከሉት ፊታውራሪ

ፊታውራሪ ገሠሠ ጥርጣሬ እንቅልፍ የነሳቸው የአገር ገዥ ነበሩ። በየጓሮው ጆሮ ጠቢ ማሰማራቱ አልበቃ ቢላቸው፣ አንድ የገበያ ቀን አዋጅ አስነገሩ።

«በደጁ መጋረጃ የሰቀለ ሁሉ ያውርድ! ንጹሕ ሰው የሚደብቀው የለውም። የሚጋረድ ሌባ ነው፤ አርባ ጅራፍ ይገረፋል!»

አገሩ ሁሉ መጋረጃውን አወረደ። አንዲት ጥጥ ፈታይ ብቻ እንቢ አለች። ጆሮ ጠቢዎቹ እሷንም መጋረጃዋንም ይዘው ሲመጡ ፊታውራሪው ማዕድ ላይ ነበሩ። ጌታ ሲበላ የሰው ዓይን እንዳይወጋው ይጋረዳልና፣ እንደ ወጉ ሁለት አሽከሮች ሰፊ ሸማ ዘርግተው ከሕዝቡ ጋርደዋቸዋል።

«አንቺ!» አሉ ፊታውራሪው ከሸማው ወዲያ፣ ጉርሻቸውን እያላመጡ። «አዋጄን አልሰማሽም?»

«አንድም ቃል አላመለጠኝ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ኋላ ያለ ፍርድ ገረፉኝ እንዳትይ፣ ፍርዱን ራስሽ ስጪ!»

ሴትዮዋ ወደ ሸማው ጠጋ ብላ እጅ ነሣች።

«ፍረጂ ካሉኝማ እፈርዳለሁ። የእኔ ጅራፍ ትንሽ ይቆይና፣ መጀመሪያ ከዚህ ሸማ ጀርባ ተደብቆ የሚያላምጠው ሌባ ይገረፍ።»

አሽከሮቹ በሳቅ እጃቸው ከዳቸውና ሸማው ወደቀ። ፊታውራሪው ወጥ በጢማቸው እየወረደ በሕዝብ ፊት ታዩ።

«ጋርዱኝ! ኧረ ጋርዱኝ!» ብለው ጮኹ።

«እኔስ ልጋረድ ከማለት ሌላ ምን አልሁ?» አለች ሴትዮዋ፣ መጋረጃዋን ከጆሮ ጠቢው እጅ እየተቀበለች።